ልጄን አየኸው ወይ?

ጦር ሜዳ ስለዋለ ጋዜጠኛ ሲወራ ለሰው ቶሎ የሚታየው መድፉና ፈንጂው ነው። እኔም ፈርቼዋለሁ። ምድር ሲንቀጠቀጥ ሆዴ አልተላወሰም የሚል ሰው ቢገጥመኝ አላምነውም። የሥራው ክብደት በቅጡ የገባኝ ግን ከግንባር ተመልሼ ቡታጅራ መናኸሪያ ስወርድ ነው። ወሩ መጋቢት፣ ዓመተ ምሕረቱ 1991። ባድመ በእጃችን ከገባች ገና ጥቂት ሳምንታት ተቆጥረዋል። ስሜ ከዘገባዎቹ ጋር ስለሚታተም የሰፈሬ ሰው የት እንደነበርኩ ያውቃል፤ ሻንጣዬን ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ እስካወርድ እንኳ አልታገሡኝም።

"አንተ የባለ ወፍጮው ልጅ አይደለህ?" አሉኝ ሻሽ ያሰሩ ሴትዮ። "እዚያ ነበርክ አሉ። ልጄን አየኸው ወይ?"

የልጃቸውን ስም ነገሩኝ። ቁመቱን በእጃቸው ለኩልኝ። ግራ ቅንድቡ ላይ፣ በልጅነቱ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሲወድቅ የቀረ ጠባሳ እንዳለበትም አልረሱም። ግንባሩ ግን ከባድመ እስከ ጾረናና ዛላምበሳ፣ ከዚያም ወዲያ በአፋር በረሃ እስከ ቡሬ የተዘረጋ ነው። በሁለቱም ወገን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት ምሽግ ውስጥ ገብቶ ተፋጧል። ይህን ለእናት በምን አፌ ላስረዳ? "አላየሁትም፣ እማማ" አልኩ።

"ታዲያ ማንን አየህ?" አሉኝ።

ክፋት አልነበረበትም። የቸገራቸውን ነው የጠየቁኝ። እኔ ግን ቆሜ ማሰብ ጀመርኩ። እስከዚያን ቀን የጻፍኳቸውን ዘገባዎች አንድ በአንድ ባነብላቸው ከአዛዦች በቀር የአንድ ሰው ስም አይሰሙም። "ጀግናው ሠራዊት" ይላል፣ "የጠላት ኃይል" ይላል፣ ኮረብታ ይላል፣ ምሽግ ይላል። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ልጅ የትም የለም።

ያ ጦርነት ሲጀመር ወልቂጤም ቡታጅራም እንደ አገሩ ሁሉ ሆ ብለው ተነሥተው ነበር። ግንቦት 1990 የኤርትራ ጦር ባድመ ገባ። ግንቦት 28 ቀን መቀሌ ውስጥ የአይደር ትምህርት ቤት ከአየር ተደብድቦ ሕፃናት አለቁ። ከዚያ በኋላ የወጣቱን ስሜት የሚመልስ ነገር አልነበረም። ወልቂጤ ላይ፣ የጅማው መንገድ ዳር ቆሜ ዘማቾች ሲጫኑ አይቻለሁ። እናቶች ቆሎ በፌስታል፣ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ወደ መኪናው ያቀብላሉ። አባቶች ይመርቃሉ። ልጆቹ ይዘፍናሉ። አብዛኞቹ ጺም ያላበቀሉ ነበሩ፤ ከመካከላቸው ሜዳ አገር እንኳ አይተው የማያውቁ፣ ከደጋው ወርደው የማያውቁ ነበሩ። የሚሄዱበትን ቆላ እኔም አላውቀውም ነበር።

ወደ ግንባር የሚሄድ ጋዜጠኛ በገዛ እግሩ አይሄድም። ፈቃድ ይጠየቃል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ከሠራዊቱ በኩል አብሮ የሚሄድ ሰው ይመደባል። ከሽሬ ወዲያ በኡራል ተጭነን ሽራሮን ስናልፍ አቧራው ከፊት ያለውን መኪና ከዓይናችን ይሰውረው ነበር። ዓይንና ጥርስ ብቻ ቀርቶን እንደርሳለን። ውኃ በኮዳ ተለክቶ ይሰጣል፤ ወታደሩ ከድርሻው ለእንግዳ አካፍሎ ኮቾሮውን በዚያው ያርሳል። ሌሊት ብርሃን ክልክል ነው፤ በጨለማ በጣቴ መስመሩን እየዳሰስኩ እጽፋለሁ። ጠዋት ሳየው ግማሹ እርስ በርሱ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

የጻፍኩት ስልክ ካለበት ከተማ ድረስ በመኪና ይመለሳል። ከመደወሌ በፊት የሚያነበው ሰው አለ። እዚህ ላይ ፍርዴ ሚዛኑን እንዲጠብቅ እፈልጋለሁ። የጦር ክፍል ስም፣ የቆመበት ቦታ፣ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ከወረቀቱ ላይ ሲሰረዝ አልተቃወምኩም፤ በእኔ አንድ መስመር ምክንያት መድፍ ምሽግ ላይ ቢያርፍ ማን ይሸከመዋል? የሚሰረዘው ግን በዚያ አያበቃም። የቆሰለ ሰው ይሰረዛል። የሞተ ሰው ይሰረዛል። ደክሞት ያለቀሰ ወታደር ይሰረዛል። የጠላት ሙት በሺህ እየተጻፈ በወገን በኩል ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ አንባቢውም ያንን ባዶ ቦታ ያያል። ልጁን የላከ ሰው ጋዜጣ የሚያነበው በተጻፈው በኩል ብቻ አይደለምና።

አንድ ምሽግ ውስጥ ከአዛዡ ጋር ሳወራ አጠገቤ ያለ ወታደር አነጋገሬን ሰምቶ በቸሃ ጉራጊኛ ሰላም አለኝ። እናቴ የእምድብር ሰው ናትና በዚያው መለስኩለት። ፊቱ በራ። ከወልቂጤ ወጣ ብላ ካለች መንደር እንደመጣ ነገረኝ። እዚያ ሙቀት ውስጥ፣ ዝንብ እየወረረን፣ ስለ ክትፎ አወራን፤ ጣባው ላይ ቅቤው ሲጨስ የሚሸተውን ሽታ እየተነጋገርን ሁለታችንም ምራቃችንን ዋጥን። ጓደኞቹ በማያውቁት ቋንቋ ምን እንደሚያስቀን ግራ ገብቷቸው አብረውን ሳቁ። ልንሄድ ስንል ከኪሱ የኒያላ ሲጋራ ፓኮ አወጣ። ፓኮውን ፈትቶ ዘርግቶታል፤ በውስጠኛው ነጭ ገጽ ላይ በእስክሪብቶ ጥቅጥቅ አድርጎ ጽፎበታል። "ለእናቴ ስጥልኝ" አለኝ። ጥር ወር ነበር። የካቲት ላይ ታላቁ ማጥቃት ተጀመረ።

ያንን ደብዳቤ በፖስታ መላክ እችል ነበር። ለእናት የተጻፈ ነገር በአደራ ከተሰጠ ግን በእጅ ይደርሳል። ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ የወልቂጤን አውቶቡስ ያዝኩ፤ ከወልቂጤ በኋላ መኪና ስላልነበረ በእግሬ ሄድኩ። ያልጠበቅኩት ነገር የገጠመኝ መንደሩ ስደርስ ነው። የጉራጌን መንደር ያየ ሰው ጀፎረውን ያውቀዋል፤ በግራና በቀኝ በተደረደሩት ጎጆዎች መካከል ያለው ሰፊ፣ ሣር የለበሰ አውራ መንገድ ነው። በዚያ መካከል የሚሄድ እንግዳ ከየደጃፉ ይታያል። ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ የከተማ ልብስ የለበሰ፣ የማይታወቅ ሰው ነኝ። ጎመን ስትቀነጥስ የነበረች ሴት ቀና ብላ አየችኝና ቢላዋዋ ከእጇ ወደቀ። ሌላዋ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ከአንድ ቤት የጀመረው "ወይኔ" የሚል ድምፅ ወደሚቀጥለው ቤት ተላለፈ።

መርዶ ነጋሪ መስያቸው ነው።

በአገራችን የሞት ወሬ እንደ ሌላ ወሬ አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል። ዘመድና ጎረቤት በዋዜማው ይነገረዋል። በማለዳ፣ ሟቹ የእሱ መሆኑን ያላወቀው ሰው ገና ከመኝታው ሳይነሣ ደጁ ይሞላል፤ ሲወድቅ የሚይዘው፣ ሲያለቅስ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። የእኔ ሙያ ደግሞ ቶሎ ንገር፣ ቀድመህ ንገር፣ ለሁሉም ንገር ይላል። እነዚህ ሁለቱ ተላትመው እኔን መካከላቸው ያቆሙኝ ያን ቀን ነበር። እጄን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ "ደብዳቤ ነው! ደብዳቤ ነው ያመጣሁት!" እያልኩ ጮህኩ። "ደኅና ነው" ብዬ መጮህ አልቻልኩም። ደብዳቤው የተጻፈው ከማጥቃቱ በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆነ አላውቅም። የማውቀውን ብቻ ነው የጮህኩት።

እናቱ እጄን ይዘው አስገቡኝ። ማንበብ አይችሉም፤ እኔ አነበብኩላቸው። ልጁ ስለ ጦርነት አንድ ቃል አልጻፈም። ወልቂጤ ላሉ ባለሱቅ ያለበትን አርባ ብር እንዲከፍሉለት ይጠይቃል። ታናሽ ወንድሙ ከትምህርት ቤት እንዳይቀር ያሳስባል። ሊዘምት ሲል ጓሮ ስለተከላቸው እንሰቶች ይጠይቃል፤ እኔ ሳልመጣ እንዳትፍቋቸው ይላል። እናቱ እንሰቶቹ ጋ ሲደርስ አስቁመውኝ ያንኑ እንደገና አስነበቡኝ። ከዚያ ደግሞ ከመጀመሪያው። በመጨረሻ ዓይን ዓይኔን እያዩ "አሁን የት ነው?" አሉኝ። "ጥር ላይ እኔ ስለየው ደኅና ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አላውቅም" አልኳቸው። ሌላ የምለው አልነበረኝም። ቡና አፈሉልኝ፤ ሳልጠጣ መሄድ አይቻልም ነበር።

ከወልቂጤ ስመለስ ስለ አንድ መዝጋቢ ሳስብ መጣሁ። ቡታጅራ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ የጤና ጥናቱን መዝጋቢዎች ያውቃቸዋል። ከ1979 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራ ዙሪያ ባሉ ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ የሕዝብ ጤና ጥናት ያካሂድ ነበር። የጥናቱ ሠራተኞች መዝገብ ይዘው ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ። ማን ተወለደ? ማን ሞተ? በምን ሞተ? ማን አገባ? ማን ከቤት ወጥቶ ሄደ? ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ መዝገብ ስንት የሕክምና ጥናት እንደወጣ ኋላ ነው ያወቅኩት። ሕፃናት በምን እንደሚሞቱ፣ እናቶች በወሊድ ለምን እንደሚያልፉ ዓለም ከቡታጅራ ብዙ ተምሯል።

ከመዝጋቢዎቹ አንዱ ጎረቤታችን ነበር። ዝናብ ቢዘንብ፣ ጭቃ ቢሆን ይሄዳል። ቤቱ ሰው ካጣ ሌላ ቀን ይመለሳል። ሞት የደረሰበት ቤት ሲገባ መዝገቡን አያወጣም፤ መጀመሪያ ይቀመጣል፣ "እግዜር ያጥናችሁ" ወይም "አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ" ይላል፣ የሚቀርብለትን ይቀምሳል። ወቅቱ ሲደርስ ብቻ ይጠይቃል። የሚጠይቀው የሟቹን ስም፣ ዕድሜውን፣ ሕመሙ እንዴት እንደጀመረ ነው። የሦስት ቀን ሕፃን እንኳ ከዚያ መዝገብ አይቀርም። እኔ በሙያዬ የተሰጡኝን ሥልጠናዎች አላጣጥልም፤ ግን ስለ ጦርነት ዘገባ ከማውቀው ውስጥ የሚበልጠውን ያስተማረኝ ይህ ሰው ነው። ገጠር ያለ የሦስት ቀን ሕፃን ሞት የሚቆጠርበት ወረዳ፣ ሃያ ዓመት ያሳደገውን ጎረምሳ ልኮ ስሙን የሚያገኝበት ወረቀት የለውም ማለት ምን ማለት ነው?

ከዚያ በኋላ ግንባር ስሄድ ከደብተሬ ጀርባ ሌላ ጽሑፍ መጻፍ ጀመርኩ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የመጣበት ከተማ ወይም ወረዳ፣ ያየሁበት ቀን። ዘገባው ከፊት በኩል ይሄዳል፤ ስሙ ከኋላ በኩል። ለኅትመት አይደለም። ወታደሮቹ ሲገባቸው ወረፋ ይዘው መጥተው ያስጽፉኝ ነበር፤ "የአያቴን ስም ጨምርበት፣ በእኛ ቀበሌ በዚህ ስም ሦስት ሰው አለ" ይሉኛል። አንዱ ስሙን ካስጻፈኝ በኋላ በትክክል መጻፌን አንብቤ እንዳሳየው አደረገኝ።

ግንቦት 1992 ሦስተኛው ትልቅ ውጊያ ተካሄደ፤ ሠራዊታችን ባረንቱ ገባ፣ ዛላምበሳ ተመለሰች። ሰኔ 11 ተኩስ ማቆም ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ። በሁለቱም ወገን ያለቀው ሰው በአሥር ሺዎች እንደሚቆጠር ይገመታል። ግምት ነው እንግዲህ። በእኛ በኩል ስም በስም ተዘርዝሮ ለሕዝብ የተነበበ ነገር የለም።

ጉራጌ ውስጥ ደግሞ የቀረ ሰው ተደብቆ አይቀርም። ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ ካለበት ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ከመርካቶ፣ ከጅማ፣ ከድሬዳዋ፣ አሁን አሁን ከውጭ አገርም። መስከረም ላይ የወልቂጤ መናኸሪያ፣ አረፋ ሲደርስ የቡታጅራ መናኸሪያ ለሰው አይበቃም። አባት የሚያርደውን በሬ ዓመቱን ሙሉ ሲያስብ ከርሞ፣ እናት ቅቤውን አጠራቅማ፣ ልጆቿን በየተራ እየሳመች ታስገባለች። በ1992ም በ1993ም በዓሉ ደርሶ ያልገባ ልጅ ያለበት ቤት ቦታውን ክፍት አድርጎ ጠበቀ። "ስንቱ ቤት ነው?" ብሎ የጠየቀ ጋዜጣ አላየሁም። እኔም ጥያቄውን አቅርቤ መልስ አላገኘሁም።

ከወልቂጤ አጠገብ ደብዳቤውን ወዳደረስኩበት ቤት መርዶው በመጨረሻ በማለዳ ገባ፤ ሽማግሌዎቹ እንደ ሥርዓቱ አደረጉት። እኔ የሰማሁት ከቀብር የለሹ ለቅሶ በኋላ ነው። ዓመታት ቆይቶ በዚያ በኩል ሳልፍ ጎራ አልኩ። ጓሮው ውስጥ ከሌሎቹ ተለይተው ሽቅብ የተመዘዙ እንሰቶች ቆመዋል። እንሰት በጊዜው ካልተፋቀ ያብባል፤ ካበበ ደግሞ ለምግብ የሚሆነውን ሁሉ አበባው ጨርሶት ይደርቃል። ጎረቤቱ ሁሉ "ይፋቅ እንጂ፣ ስንት ቆጮ ይወጣው ነበር" ብሏቸዋል። እናቱ አሻፈረኝ አሉ። ደብዳቤውም አለ፤ በላስቲክ ጠቅልለው ከሳጥናቸው አውጥተው አሳዩኝ።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር አዲስ አይደለም፤ ለዚህ ነው ዝም ማለት የማልችለው። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ሲወረድ በሶዶ ምድር ጎጌቲ የሚባል ቦታ አለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ከማይጨው ጦርነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ በደቡብ የቀረው ጦር መዋጋቱን አላቆመም ነበር። ራስ ደስታ ዳምጠው፣ ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረ ማርያም ከሲዳሞና ከባሌ እየተዋጉ ወደ ጉራጌ አገር ወጡ። ጣሊያኖች ጎጌቲ ላይ ከበቧቸው። ጊዜው የካቲት 12 ቀን 1929 ግድም ነው፤ ልክ አዲስ አበባ ውስጥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወርውሮ ጭፍጨፋው በተጀመረበት ሰሞን። ደጃዝማች ገብረ ማርያም እዚያው ወደቁ፤ ደጃዝማች በየነም ተገደሉ። ራስ ደስታ አምልጠው ጥቂት ቀን ቆዩና በቡታጅራ አካባቢ ተይዘው የካቲት 17 ቀን ተረሸኑ።

አያቴ ያኔ ወጣት ነበር። ከጎጌቲ በኩል የሸሸው ሰው ቁስሉን በነጠላ አስሮ በእንሰቱ መካከል ሲያልፍ እንዳየ፣ ሴቶች በሌሊት ቆጮና ውኃ ከአጥር ሥር ያስቀምጡላቸው እንደነበር ይነግረን ነበር። "ከየት ነበሩ?" ብዬ እጠይቀዋለሁ። "ከየትም ነበሩ፤ ቋንቋቸውንም የማናውቃቸው ነበሩ" ይለኛል። "ስማቸውስ?" ስለው ዝም ይላል።

የመሪዎቹ ስም አለ። በአዲስ አበባ የራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታል አለ፤ የሊሴ ገብረ ማርያም ትምህርት ቤት አለ። ይገባቸዋል። የተከተሏቸውን ገበሬዎች ግን የጻፋቸው የለም፤ ምክንያቱም በዚያ ቀን ጎጌቲ ላይ ስለ እነሱ የሚጽፍ ጋዜጠኛ አልነበረም። ጦርነቱ ሲጀመር አዲስ አበባን ሞልተዋት የነበሩት የውጭ ዘጋቢዎች ያኔ ተበትነው ነበር። ከእነሱ ሁሉ ለእኛ የተቆረቆረው የለንደኑ ታይምስ ዘጋቢ ጆርጅ ስቲር በግንቦት 1928 በጣሊያኖች ተባርሮ ነበር። ያው ስቲር በሚያዝያ 1929፣ ከጎጌቲ ሁለት ወር በኋላ፣ ስፔን ውስጥ ጌርኒካ ከአየር ስትደበደብ በአቅራቢያው ነበረና ጻፈው። ዓለም ጌርኒካን ያውቃል፤ ፒካሶ ሣላት። ጎጌቲን ከራሳችን ሰው ውስጥ ስንቱ ያውቀዋል? በአንድ ዓመት ውስጥ የሆኑ ነገሮች ናቸው። ልዩነቱ አንዱ ጋ የሚጽፍ ሰው መኖሩ፣ ሌላው ጋ አለመኖሩ ነው።

መገኘት ብቻውን ደግሞ አይበቃም። በዓሉ ግርማ ተገኝቶ ነበር። በ1974 የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሆኖ አሥመራ ሄዶ ከውስጥ አይቶታል። ያየውን በዘገባ ሊያወጣው ስለማይቻል ልብ ወለድ አደረገው፤ "ኦሮማይ" በ1975 ታተመ፣ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቤተሰቡ እስካሁን የሚቆምበት መቃብር የለውም። ስለ ወታደር እናት ሳስብ የእሱም ቤት ይታየኛል፤ የጻፈውም የተጻፈለትም አንድ ዕጣ ደረሳቸው።

በ2011 መግቢያ ላይ ግጭት ወደ ገዛ ደጃችን መጣ። ኢንሴኖ አካባቢ በመስቃንና በማረቆ መካከል በተነሣው ግጭት ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ተፈናቃዩ ቡታጅራ ገባ። ወልቂጤም በ2010 ክረምት መግቢያ ላይ የራሷን ደም አይታለች። ባድመ ላይ ወታደሩ "የማን ጋዜጠኛ ነህ?" ይለኝ ነበር። እዚህ ግን ሰላምታ ሳልጨርስ "የማን ልጅ ነህ?" ተባልኩ። የአባቴን ስም ስናገር ግማሹ ፊቱን ይፈታል፣ ግማሹ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነገረኝ ነገር ሁሉ በአባቴ ስም በኩል ተጣርቶ ነው። ከአባቴ ወፍጮ እህል ሲያስፈጩ የኖሩ ሰዎች በሁለቱም ወገን አሉ። የአንዱን ቤት መቃጠል ብጽፍ ሌላው "የእኛንስ?" ይላል፤ ሁለቱንም ብጽፍ ሁለቱም ይቀየሙኛል። ከግንባር የሚመለስ ጋዜጠኛ ቤቱ ይገባል። ይህን የጻፈ ጋዜጠኛ ግን ማታ የሚገባው እዚያው ታሪካቸውን ከጻፈው ሰዎች አጠገብ ነው፤ ልጆቹም ከልጆቻቸው ጋር አንድ ክፍል ይማራሉ። ከውጭ የመጣ ዘጋቢ የማይገጥመው፣ በየትኛውም የጦርነት ዘገባ መመሪያ ውስጥ ያላገኘሁት ችግር ይህ ነው።

ከዚያም የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ትግራይ ውስጥ ያለው ሰው እንኳን ለጋዜጣ፣ ለገዛ ዘመዱ መኖሩን የሚነግርበት መንገድ አጣ። በጥር 2013 የትግራይ ቴሌቪዥን ባልደረባ ዳዊት ከበደ አርአያ መቀሌ ውስጥ በጥይት ተገደለ። በዚያው ዓመት ግንቦት የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ ባልደረባ ሲሳይ ፊዳ ቄለም ወለጋ ውስጥ ተገደለ። አንዱ የሠራበት ጣቢያ ከሌላው ጋር በምንም አይስማማም ይሆናል። ለእኔ ግን ሁለቱም የሙያ ወንድሞቼ ናቸው፤ የአንዱን ስም ጠርቶ የሌላውን የሚተው ጋዜጠኛ ሲያጋጥመኝ ያመኛል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ውሉ ከተፈረመ በኋላም ያው የማውቀው ነገር ተደገመ፤ የሞተው ሰው ቁጥር በግምት ይነገራል፣ ግምቱም ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ሲሄድ በመቶ ሺዎች ይለዋወጣል።

ዛሬ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆናለች። ወልቂጤም ዩኒቨርሲቲ አላት። ከሁለቱም ከተሞች ወጣት ጋዜጠኞች ይደውሉልኛል። ብዙዎቹ ያላቸው አንድ ስልክ ነው። መድን የላቸውም፣ ደም የሚያቆም ማሰሪያ እንኳ በቦርሳቸው የለም፣ አደጋ ቢደርስባቸው ቤተሰባቸውን የሚጠይቅ ተቋም የለም። ያዩት ነገር ሌሊት ሲረብሻቸው የሚያወሩት ሰው የላቸውም፤ በእኛ ጊዜም አልነበረም፣ ጠጅ ቤት ነበር። የሚልኳቸው መሥሪያ ቤቶች ይህን ማሟላት አለባቸው። ሳያሟሉ መላክ የለባቸውም።

በቅርቡ አንዲት ልጅ ከወልቂጤ ደወለችልኝ። ግጭት ወዳለበት ወረዳ ልትላክ ነው። "ጋሼ፣ ምን ይዤ ልሂድ?" አለችኝ። ውኃ፣ የቁስል ማሰሪያ፣ ሁለተኛ ባትሪ፣ የት እንዳለሽ በየሰዓቱ የሚያውቅ አንድ ሰው አልኳት። የሞተ ሰው ሲነገርሽ ከሁለት የማይገናኙ ሰዎች ሳትሰሚ አትጻፊ አልኳት። ከዚያ ስለ ደብተሩ ጀርባ ነገርኳት፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ቀበሌ።

"እሱን ለማን ነው የምሰጠው?" አለች።

"ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የእድሩን ዳኛ ስልክ ጻፊ" አልኳት። "ዜናው ከመውጣቱ በፊት መጀመሪያ እሳቸው ጋ ደውዪ።"